የድንበር ወንዝ ጠባቂው ማን ነው?

(በጌዶ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ንግግር)



ከጌዶ ከፍታ የሚወርደው ዝናም ሁለት መንገድ አለው። በምሥራቅ የወረደው በጉደር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ በደቡብ ምዕራብ የወረደው ግቤንና ኦሞን ተከትሎ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። ዛሬ የምናገረው ስለ ፊተኛው፣ ስለ ጉደር ነው።

ጉደር ረጅም ወንዝ አይደለም። ከደንዲ ሐይቅ ተነሥቶ አምቦን የሚያቋርጠው ሁሉቃ ከገባሮቹ አንዱ ነው። ጉደር በስሙ ከምትጠራው ከተማ አጠገብ በፏፏቴ ወርዶ ወደ ሰሜን በጥልቅ ሸለቆ ይጓዛል፤ በታችኛው ጉዞውም ምዕራብ ሸዋንና ሆሮ ጉዱሩ ወለጋን ይለያል። ከዚህ ወንዝ ማዶ ባለው አገር፣ በእምባቦ፣ በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተዋግተዋል። ያ ፉክክር አልፎአል፤ ወንዙ ግን ዛሬም የአስተዳደር ወሰን ነው።

ወሰን የሆነ ወንዝ ሁለት ባለቤት እያለው ጠባቂ ያጣል። የወዲህኛው ከወዲያኛው ይጠብቃል፤ ሁለቱም እስከ አፋፉ ያርሳሉ፣ በምንጭ ራስ ላይም ባሕር ዛፍ ይተክላሉ። በክረምት ቀልቶ የሚወርደው ውኃ የሁለቱንም አፈር ይዞ ነው የሚሄደው።

ቤተ ክርስቲያን ግን በሁለቱም ዳር ልጆች አሏት። በቅጥራችን ጽድና ወይራ የተረፉት ምእመናን ስለ አከበሯቸው ነው። ያ አክብሮት ከቅጥሩ ወጥቶ ወደ ምንጩ ይውረድ። ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ በአጥቢያችሁ ያሉትን ምንጮች፣ ጠበሉንም የመጠጡንም፣ መዝግቡ፤ በበጋ የሚደርቀውን ለዩ።

ሁለተኛ፣ በምንጩ ዙሪያ ባሕር ዛፉ በአገር በቀል ዛፍ እንዲተካ ምከሩ። ነገር ግን ያ ባሕር ዛፍ ለድኻው የልጁ ደብተርና የቤቱ ቆርቆሮ መሆኑን አትርሱ፤ ምትኩን ሳታዘጋጁ ቍረጥ አትበሉት።

ሦስተኛ፣ ክረምት ሳይገባ ከወንዙ ማዶ ካለው አጥቢያ ጋር በዓመት አንድ ቀን ተገናኝታችሁ ስለ ወንዙ ዳር ተስማሙ።

አባቶቻችን ዓባይን ግዮን ብለው ከገነት ወንዞች ቈጥረውታል። ለግዮን የሚገብረው ውኃ ከደጃችን ይነሣል፤ ንጹሕ አድርገን እንሸኘው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።