ልብስ ስፌቱን ያቆመው ምንድን ነው?

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ እህት ወይም ልጅ ካለቻችሁ የዛሬው ጉዳይ ይመለከታችኋል።

ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለውጭ ገበያ ልብስ እንዲሰፋ ታስቦ ነው። ጨርቁ፣ ዚፑ እና ቁልፉ በአብዛኛው ከውጭ በጅቡቲ ይገባል፤ የተሰፋውም በዚያው ይወጣል። መርከብ ከዘገየ ስፌቱ ይቆማል።

ከባዱ ምት የመጣው ግን ከመንገዱ ሳይሆን ከገበያው ነው። አሜሪካ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የተፈጸመውን የሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርጋ፣ አጎዋ በተባለው የንግድ ሕጓ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አነሳች። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገና ኅዳር ላይ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ያኔ ያለ አጎዋ አንድ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ ቀረጥ ይጣልበት ነበር፤ ትርፉ ሳንቲም ለሆነ ሥራ ይህ ብዙ ነው።

እንግዲህ ፋብሪካ ሥጋቱን ሲመዝን መጀመሪያ ማየት ያለበት ማሽኑን አይደለም። ከትዕዛዙ ስንት እጁ በአንድ አገር ሕግ ላይ ተንጠልጥሏል? ያ በር ቢዘጋ ልብሱን ማን ይገዛል? የሠራተኛዋስ ደመወዝ ከየት ይከፈላል? ብዙ የሐዋሳ ልጃገረዶች ባልወሰኑት ውሳኔ ሥራቸውን አጥተዋል፤ እነዚህ ጥያቄዎች ከመቀጠራቸው በፊት ሊጠየቁላቸው ይገባ ነበር።