«አሳድጉልኝ» ስለሚባሉ ቡችሎች
(በ20ኛ ዓመት የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ሲጽፍልኝ «ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት እንዳታወሪ፣ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰው እራት ላይ ሊያነሳው የሚችል ነገር ይዘሽ ነይ» ብሎኛል። እኔም ታዘዝኩ። ዛሬ የማወራው ስለ ቡችላ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ውሻ አርቢዎች «እስቲ አሳድጉልኝ» ብለው ሰው ቤት ስለሚያስቀምጧቸው ቡችሎችና ከዚያ ስለሚመጣው ጭቅጭቅ። ከኋላ የሚስቁት እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ዶርም እያለንም እነሱው ነበሩ። ትንሽ ታገሱኝ፣ ነገሩ ሄዶ ሄዶ ድንገተኛ ክፍል ይገባል።

አዲስ አበባ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። በየሰፈሩ ጀርመን ሼፐርድና ሮትዋይለር የሚያራባ ሰው አለ። አብዛኛው ድርጅት የሚባል አይደለም፤ ከግቢው ጀርባ ሦስት አራት የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ፣ ትርፍራፊ ሥጋና አጥንት እየለቀመ በፍቅርም በትርፍም የሚሠራ ሰው ነው። አንዲት ሼፐርድ በአንድ ጊዜ ስምንት ልትወልድ ትችላለች። ወንዶቹ ለጥበቃ ስለሚፈለጉ ቶሎ ይሸጣሉ። ለዘር የመረጣትን ሴት ግን አርቢው መሸጥ አይፈልግም። ለማቆየት ደግሞ ቦታም ቀለብም ያጥረዋል። ሴቷ ገና በስድስት ወሯ ወይም በዓመቷ ወንድ መፈለግ ብትጀምርም፣ ሥራውን የሚያከብር አርቢ በዚያ ዕድሜ አያስወልዳትም፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ይጠብቃል። እነዚያን ሁለት ዓመታት ማን ይቀልባት? ግቢ ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ ደመወዙ የማይቋረጥ ቤተሰብ ይፈለጋል። ሐኪም ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ከዚያ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፦ «ቤታችሁ ትሁን፣ ግቢ ትጠብቅላችሁ፣ ልጆቹም ይጫወቱባት፤ ስትደርስ እንተያያለን።»

ጭቅጭቁ በሙሉ «ስትደርስ እንተያያለን» ውስጥ ነው ያለው። ታናሽ ወንድሜ ጠበቃ ነው፤ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስነግረው ሳቀና «እዚህ ውስጥ ሦስት ውል አለ» አለኝ። ስጦታ ነው ካልን ቡችላዋን በማስረከብ ነገሩ አልቋል፣ አርቢው ቡና ሊጠጣ ካልሆነ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት የለም። አደራ ነው ካልን ባለቤቱ በፈለገው ቀን «አምጡ» ማለት ይችላል። ሦስተኛው ርቢ ነው። የገጠር ልጆች ርቢን ማብራራት አያስፈልጋችሁም። ለቲም ትሬኒንግ ቆላ ድባ በሰነበትንበት ጊዜ የተከራየንበት ቤት ባለቤት ሁለት ላሞች ነበሯት፣ አንዷ የራሷ፣ አንዷ የርቢ። ላሟ የሰጪው ናት፣ ወተቱን ተቀባይ ይጠጣል፣ ጥጃውን ይካፈላሉ። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ግን ሰጪም ተቀባይም ጎረቤትም የቱ የማን እንደሆነ ያውቃል። ጽሑፍ የለም፤ ልማዱና ምስክሩ ግን አለ።

የፈረንጅ ውሻ ይህ ሁሉ የለውም። ከተማ ውስጥ ያለ፣ ገና ልማድ ያልተበጀለት ነገር ነው። ወተትም የለውም፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ተቀባዩ የሚያገኘው ፍቅርና የተበላ ጫማ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን ያቺን ዓረፍተ ነገር በሚስማማው ይፈታታል። አርቢው አደራ ይሰማል፣ ልጆች ስጦታ ይሰማሉ፣ አባትየው ርቢ ይመስለውና ስንት ቡችላ እንደሚደርሰው በልቡ ያሰላል። ሦስቱም አልዋሹም።

የኔን ቤት ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። ዳማ የሁለት ወር ልጅ ሆና ነው የመጣችው። ስሟን ያወጣችላት ትንሿ ልጄ ናት፣ በቀለሟ። አርቢው በዕድሜ የሚበልጠኝ ጨዋ ሰው ነው። «ጋሼ፣ አንድ ገጽ ወረቀት እንጻፍ» ብለው «በኛ መሀል፣ ዶክተር? ወረቀት እኮ ለማይተማመን ሰው ነው» አለኝ። አገራችን ላይ ለዚህ ንግግር መልስ የለውም፤ ደግሞ ብትናገር አንቺ ነሽ የማታምኚው ትባያለሽ። ለ11 ወር ሰላም ሆነ። አልፎ አልፎ በቴሌግራም ይጽፋል፣ እኔም ፎቶ እልክለታለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ደወለና «በሚቀጥለው እሑድ ውሻዬን መጥቼ ልውሰድ፣ ለማስጠቃት እየተዘጋጀሁ ነው» አለ። ያን ቀን ማታ ቤታችን ለቅሶ ቤት ነበር።

እንግዲህ ሽማግሌ ተቀመጠ። የእድራችን ሰብሳቢ እትዬ አሉ፣ ሁለት ጎረቤት፣ በእሱም በኩል አንድ ሰው መጣ። አርቢው የራሱን አቀረበ፦ እናቷን ስንት ዓመት እንደለፋባት፣ ከስምንቱ መርጦ ያስቀራት እሷን ብቻ እንደሆነ፣ እሷ ከሄደች ዘሩ እንደሚቋረጥበት። እውነቱን ነው፤ አድምጬው አዘንኩለት። ባለቤቴ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ደረሰኞችን በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። ከዚያ የስልክ መልእክት ይነበብ ተባለ። ከአርቢው በኩል የተጻፈው ሁሉ «ውሻችን እንዴት አደረች?» ይላል። እሱ «ይኸው፣ የኔም ናት ብያለሁ» አለ። ባለቤቴ «ይኸው፣ የእናንተም ናት ብለሃል» አለ። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው «ይቺ ‹ችን› ለሁለታችሁም መስክራለች፣ ሌላ ምስክር አምጡ» አሉ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ በፍርድ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ብይን አልሰማሁም ይላል።

አንዱ ጎረቤታችን ደግሞ በሩን ከፍተን እንልቀቃት፣ የሄደችበት ይውሰዳት ብሎ ነበር። ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ ያ ፍርድ ለኛ ይጠቅም ነበር፣ ግን ፍትሕ አይደለም። ለሁለት ዓመት አጥንት የሰጠ ሁሉ የሚያሸንፍ ከሆነ አርቢ የሚባል ሰው አይኖርም።

መጨረሻ ላይ የተስማማነው ይሄ ነው። ዳማ እኛ ጋ ትኖራለች። ሁለት ዓመት ሲሞላት ዳሌዋ በራጅ ይታያል፣ ሼፐርድ ላይ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የተለመደ ስለሆነ። ጤነኛ ከሆነች አንድ ጊዜ ትወልዳለች፣ ወጪው የአርቢው፣ እሱ ሁለት ሴት ይመርጣል፣ ከዚያ በኋላ የባለቤትነት ነገር አይነሳም። ብትሞት ማንም ማንንም አይከስም። አንድ ገጽ ሆነ፣ ሦስት ምስክር ፈረመ። ጋሼም ፈረመ፣ ቅር እያለው።

እንግዲህ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። (ቤተሰቡ እንዳይለይ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ።) ቡችላ እጁን ነክሳዋለች፣ ሁለት ቦታ ቆዳው ተበስቷል፣ እናትየው ቡና ነስንሳበታለች። የተማርነውን ጠየቅኩ፦ የማን ውሻ ናት? «የኛ» አለች። ተከትባለች? «አዎ፣ አርቢው አስከትቧታል።» ለአርቢው ሲደወል «እነሱ ጋ ነው እኮ ያለችው፣ እነሱ ናቸው የሚያስከትቡት» አለ። ቡችላዋ የአራት ወር ናት፣ በሁለት ወሯ ነው ቤቱ የገባችው፤ «አሳድጉልኝ» ተብላ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ቡችላ ከእናቷ የምትለየው ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሆናት ነው። የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች፣ እነ ፓርቮ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ላይ ይጀመሩና በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደጋገማሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን በተለምዶ 12ኛ ሳምንት ላይ ነው። ስለዚህ ርክክቡ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ፣ ከዋናው በፊት ይሆናል። አርቢው «ጀምሬላቸዋለሁ» ይላል፣ ተቀባዩ «ተከትባ መጥታለች» ይላል። «ባለቤቱ ማነው?» የሚለው ነገር ካልተቋጨ ያ መርፌ የማንም ዕዳ አይሆንም። ለዚህ ነው ስለ ውሻ ላወራችሁ የመጣሁት።

ልጁን አጠብነው፣ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ፣ ክትባት ተጀመረ። እጅ ነርቭ የበዛበት ቦታ ስለሆነ ኢሚዩኖግሎቡሊን ያስፈልገው ነበር፣ እሱም እንደልብ የሚገኝ አይደለም፤ አባትየው ቀኑን ሙሉ ከተማ ሲዞር ዋለ። ለእናትየው «ቡችላዋን አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁ፤ 10 ቀን ጤነኛ ሆና ከቆየች በነከሰችበት ሰዓት ምራቋ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፣ የቀረውን መርፌ እናቆማለን» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን አርቢው መጥቶ ወሰዳት። በሱ በኩል ሲታይ ምክንያት አለው፤ ቤተሰቡ ተቆጥቶ ይገድልብኛል ብሎ ፈርቷል። አባትየው «ሄዳለች፣ ተገላገልን» አለ። እኔ ስልክ ደወልኩለት። «ንብረቴን ለምን ትጠይቂኛለሽ?» አለ። «የማን እንደሆነች አይደለም የምጠይቅህ፣ በሕይወት መኖሯን ነው» አልኩት። ክፍለ ሀገር ሰጥቻታለሁ አለ፣ የት እንደሆነ አልነገረኝም። በስምንተኛው ቀን አንድ ቪዲዮ ላከ፣ ቡችላ ትሮጣለች። የትኛዋ ቡችላ፣ መቼ የተነሳች፣ አይታወቅም። በቪዲዮ መርፌ አይቆምም። ልጁ ክትባቱን በሙሉ ጨረሰ። ዛሬ ደህና ነው፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ውሻ ግን ሲያይ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ያላችሁ ሁላችሁም የበሽታውን ጠባይ ታውቃላችሁ። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ለሰው የሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶ ድረስ በውሻ ነው። በዓለም ከሚሞቱት ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቆቹ ዛሬም «ፓስተር ሂድ» ይላሉ፤ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን የድሮውን መርፌ የሚያስታውሱ መምህሮቻችን እዚህ ተቀምጠዋል። መርፌው ተሻሽሏል። የታሪክ አወሳሰዳችን ግን አልተሻሻለም።

ቤተሰቡና አርቢው ዛሬም አልታረቁም። ቤተሰቡ የኢሚዩኖግሎቡሊኑን ገንዘብ ይጠይቃል፣ አርቢው የሁለት ወር ቀለብ አትጠይቁኝ እንጂ ሌላ አልከፍልም ይላል። ወንድሜ እንደነገረኝ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም፤ አንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፣ ያመለጠው እንኳ ቢሆን። ቀጣዩ 2072 ደግሞ እንስሳውን ተረክቦ የያዘውን ሰው ይጨምራል። ጎረቤቷን ነክሳ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይጠየቁ ነበር፤ እንግዲህ የነከሰችው የቤቱን ልጅ ነው። ያኔ «የኔ ናት» ሲሉ የነበሩት ሁለቱም «የሱ ናት» ማለት ይጀምራሉ፤ እኔ ራሴ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጽሑፍ ቢኖር ሁሉ ይፈታል ብዬም አላታልላችሁም። ሜሪላንድ ያለች የክፍላችን ልጅ (ዛሬ አልመጣችም፣ ሰላም ብላችኋለች) ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። እዚያ ስም እንኳ አለው፣ «ጋርዲያን ሆም» ይሉታል፣ ውሉ ዘጠኝ ገጽ ነው። ዘጠኙም ገጽ ስለ መውለድ ነው፤ ውሻዋ ስትታመም ማን ይወስናል የሚለው የለበትም። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ይመዘግባል እንጂ በባለቤትነት ክርክር ውስጥ አይገባም። እሷም ጠበቃ ይዛለች፣ በሰዓት እየከፈለች።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ በተለይ አስተማሪ የሆናችሁትን። ተማሪዎቻችሁ የተነከሰ ሰው ሲመጣ «የማን ውሻ ነው?» ብለው አይቁሙ። «ማን ያበላታል? ማን አስከተባት፣ ደብተሩ የት ነው? ዛሬ ማታ የት ታድራለች? ነገ መጥቶ ሊወስዳት የሚችል ሰው አለ?» ይበሉ። የመጨረሻዋን ጥያቄ የጨመርኳት ከዚያ ልጅ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ «አዎ፣ አለ» ተብዬአለሁ። በሁለቱም ጊዜ ለሰውየው ያኑ ሰዓት ደውዬ ውሻዋ ለ10 ቀን እንዳትነቃነቅ ተስማምተናል፤ አንደኛው በየማታው እየመጣ ያያት ነበር።

ቡችላ ለመቀበል የምታስቡ ካላችሁ (እጅ እንዳወጡ አይቻለሁ) የኛን አንድ ገጽ ስሞቹን አጥፍቼ አባዝቼ አምጥቻለሁ፣ በሩ አጠገብ ቡናው ጠረጴዛ ላይ አለ። የ12ኛው ሳምንት መርፌ የማን እንደሆነ ሁለተኛው መስመር ላይ ተጽፏል።