ከጥይት ቀለህ የተሠራ ዶቃ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጥይት ቀለህ ነው። «ስለ ቀለህ ደግሞ ምን ይወራል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

አገራችን ብዙ ጦርነት አይታለች። በ1983 ዓ.ም. ያበቃው የእርስ በርስ ጦርነት አለ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተደረገውም አለ። ጦርነቱ ሲያልፍ ቀለሁ መሬት ውስጥ ይቀራል። ገበሬው ሲያርስ ያገኘዋል።

ብዙው ቀለህ የሚሠራው ከናስ ነው። ናስ ደግሞ ቢቀልጥ እንደገና ሌላ ዕቃ ይወጣዋል።

አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ተራራ ላይ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች አሉ። ብዙዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ናቸው። ጠበል ፍለጋ ከየአገሩ መጥተው እዚያው ቀሩ። ጎረቤት የሸሻቸው፣ ዘመድ የራቃቸው ነበሩ። አንዳንዶቹም የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው፣ ቁልቁል ወርደው ይሸጡ ነበር። ይህ ሸክም ለጤነኛም ይከብዳል፤ ለታመመማ እንዴት ይሆናል?

በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። መድኃኒቱን በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ይበረታል። ነገር ግን መድኃኒት ምግብ ይፈልጋል፤ ምግብም ሥራ ይፈልጋል። ለእነዚህ ሴቶች ሥራ የሆናቸው ዶቃው ነው።

አንጥረኛ ቀለሁን በእሳት ያቀልጣል። ከቀለጠው ናስ ትናንሽ ዶቃ ይሠራል። ሴቶቹ ዶቃውን በክር ይሰካሉ። ሐብልና አምባር ሆኖ አገር ውስጥም ውጭ አገርም ይሸጣል።

«እነሱ የነኩትን ብነካ ይይዘኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ስሕተት ነው። ኤች አይ ቪ ዕቃ በመንካት፣ አብሮ በመብላት ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም።

አንድ አደራ ግን አለኝ። ባዶ ቀለህ ሌላ ነው፤ ያልተተኮሰ ጥይትና ያልፈነዳ ቦምብ ሌላ ነው። ያልፈነዳ ነገር ስታዩ አትንኩ፤ አትቀጥቅጡ፤ እሳት አታስጠጉት። ልጆችን አርቁ፤ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ንገሩ። መለየት ካልቻላችሁ ሁሉንም ተዉት።

ሰው ለመግደል የተሠራ ናስ ዛሬ ልጅ ያሳድጋል። የተጣለ ቀለህ እንኳ ከሠሩበት ይጠቅማል። ታዲያ ሰው እንዴት ይጣላል?