የእሁድ ማብሰያችንን ስንመርጥ

(በወርኃዊው ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

ከየሥራ ቤታችሁ ወጥታችሁ፣ በሰርቪስ ተጋፍታችሁ፣ ያለቻችሁን አንዲት የዕረፍት ቀን ይዛችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቤሩት ውጭ የመጣችሁ ቶሎ መመለስ ስላለባችሁ ንግግሬን አላስረዝምም።

ርዕሱን ታውቁታላችሁ። ከኋላ በረንዳ ላይ ያለውን መንቀል ታቹን ዝገት በልቶታል። ፍሙ በቀዳዳው እየወደቀ ንጣፉን አጥቁሮታል። ስለዚህ ከመዋጮው ላይ ለአዲስ ማብሰያ የሚሆን ገንዘብ ተለይቷል፤ ኮሚቴውም "ገበያ ዙሪና አጣርተሽ ንገሪን" ብሎኛል። ዶራንም ቡርጅ ሐሙድንም ዞርኩ፣ ሱቅ ኤል አሐድም ገባሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ድምፅ ትሰጣላችሁ።

ገበያ ስትገቡ ሻጩ የሚጠይቃችሁ "ለስንት ሰው ነው?" ብሎ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው የዞርኩት፤ እሳቱ ጋ የምትቆመዋ ማን ናት? ሁላችንም ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት ምድጃ ፊት ቆመን ነው የምንውለው። እሁድ ደግሞ አንዷ እህታችን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጭስ ስትውጥ ከዋለች፣ ለእሷ እሁድ አልመጣም ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃውን ስንመርጥ የምትበላውን ብቻ ሳይሆን የምታበስለውንም እናስብ። አንደኛ እንዳይጎዳት፣ ሁለተኛ ቶሎ እንዲለቃት።

በመጀመሪያ ብዙዎቻችሁ የምትሉትን ላንሳ፤ "ለምን የኤሌክትሪክ ምጣድ አንገዛም?" እውነት ነው፣ አገር ቤት የለመድነው ነው፤ ጭስ የለው፣ አመድ የለው። ችግሩ ያለው መብራቱ ላይ ነው። እዚህ ሊባኖስ ከ2019 ቀውስ ወዲህ የመንግሥት መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ነው የሚመጣው። የቀረውን የሚሸፍነው የሰፈሩ ሞተር፣ ኢሽቲራክ የምንለው ነው። የዚህ ቤት ኢሽቲራክ 5 አምፔር ነው። ሒሳቡን እስቲ እንሥራው፤ 5 አምፔር በ220 ቮልት ሲባዛ 1100 ዋት ይመጣል። አገር ቤት የምናውቀው ትልቁ የእንጀራ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ እንኳ 1500 ዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ ገና ሶኬቱን ስንሰካው መብራቱ ይቆረጣል፤ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይጠፋል። ሊጥ ከፈሰሰ በኋላ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ይህን ሒሳብ ለግላችሁም ያዙት። ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት፤ ዋቱ ከታቹ ተጽፏል። ለ220 አካፍሉት፤ ስንት አምፔር እንደሚበላ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ከሰል ነው። መንቀል ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ለሥጋ ጥብስም የሚወዳደረው የለም። ለሌላው ሥራ ግን አይመቸንም። ከሰሉ እስኪቀላ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ለወጥ እሳቱን እንደልብ መቀነስና መጨመር ያስቸግራል። ጭሱ ደግሞ በቀጥታ ላይኛው ፎቅ ነው የሚወጣው። ጎረቤት በጭስ ከተማረረ ወደ ቤቱ ባለቤት ይሄዳል፣ ባለቤቱ ወደ እኛ ይመጣል። ከመካከላችን ኢቃማ የሌላት እህት እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። በጥብስ ጭስ የተነሳ ፖሊስ በራችንን እንዲያንኳኳ አንፈልግም፤ ይህችን ክፍል ማጣትም አንፈልግም።

ለራሷ መንቀል የምትገዛ እህት ካለች ሦስት ነገር ትይ። ብረቱ በጣት ሲጫኑት የሚጎብጥ ከሆነ ብዙ ሳይቆይ ይበላል። ከተቆረጠ በርሜል የተሠራ ከሆነና በርሜሉ በፊት ምን እንደያዘ ካልታወቀ ይቅር፤ ቀለሙና ውስጡ የቀረው ነገር ሲቃጠል ወደ ምግቡም ወደ ሳንባም ይገባል። ፍርግርጉም እንደ ጣራ ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ አይሁን፤ ዚንክ በኃይለኛ እሳት ሲግል የሚወጣው ጢስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል።

አሁን የምለውን ግን፣ ሌላውን ብትረሱት እንኳ፣ ይዛችሁት ሂዱ። ከሰል ቤት ውስጥ አይገባም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ይህን መርዝ ከኦክስጅን ይልቅ 200 ጊዜ ያህል አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። "ጭሱ ካለቀና ፍሙ አመድ ከለበሰ ምንም አይል" ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት አይደለም፤ አመድ የለበሰውም ፍም መርዙን ያወጣል። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያድንም።

ይህን የማነሳው ክረምቱ ስለሚመጣ ነው። ማሞቂያ በሌለበት ክፍል ሁለት ሦስት ሆነው የሚኖሩ እህቶች አሉ። ማታ መንቀሉን ወደ ውስጥ አስገብተው፣ በሩን ዘግተው ይተኛሉ። የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱ ሳይቀሰቅሰው ሊቀር ይችላል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። በአንድ ክፍል ያላችሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ "ጉንፋን ነው" አትበሉ። ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፣ የደከመችዋን አውጡ፣ 140 ደውሉ። 140 የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ለብርዱ ብርድ ልብስ እናዋጣለን፤ ከማኅበሩ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

የቡና ምድጃችንም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ከእንግዲህ ቡናው የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው።

ሦስተኛው ጋዝ ነው፤ እኔም የምደግፈው ይህንኑ ነው። ወዲያው ይቀጣጠላል፣ ለሽሮ ይቀንሳል፣ ለጥብስ ይጨምራል፣ ሲያልቅ ጠቅ ተደርጎ ይዘጋል። 10 ኪሎውን ቦንቦላ በየሰፈሩ መቀየር ይቻላል። ግን የጋዝ ምድጃ ሁሉ አንድ አይደለም።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አየሁ። አንደኛው ባለ ክዳኑ፣ ከሥሩ ተሽከርካሪ ያለው፣ ማዳሞቻችን ሰገነት ላይ የምናየው ትልቁ ግሪል ነው። ያምራል፣ አልዋሽም። ነገር ግን የተሠራው ለሥጋ ነው፤ ለትልቅ ድስትም ለእንጀራም አይመችም፣ ዋጋውም ከያዝነው ገንዘብ በላይ ነው። ሌላው እግሩ ወፍራም፣ እሳቱ በሁለት ወይም በሦስት ቀለበት የሚወጣ ምድጃ ነው። ለእኛ የሚሆነው ይሄ ነው። እንጀራ የጋገረች ሁሉ ታውቀዋለች፤ እሳት ከመሀል ብቻ ሲወጣ መሀሉ ያራል፣ ዳሩ ሊጥ ይቀራል። ስለዚህ ቀለበቶቹ ለየብቻ የሚከፈቱ ይሁኑ፤ ለድስት የውስጡን ብቻ፣ ለምጣድ ሁሉንም። የሸክላ ምጣድ በቀጥታ ነበልባል ላይ ሊሰነጠቅብን ስለሚችል ወፍራም የአሉሚኒየም ምጣድ ይሻላል።

ቁመቱንም ለክታችሁ ነው የምትገዙት። ድስቱ ላዩ ላይ ተቀምጦ ቆማችሁ ስታማስሉ ክንዳችሁ ከትከሻ በላይ አይውጣ፣ ወገባችሁም አይጉበጥ። ወገባችን እንደሆነ ሥራ ቤት አልቋል፤ እሁድ የምንጨምርበት ነገር የለንም። እግሮቹ ሰፋ ብለው የሚቆሙ ይሁኑ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ያዙና ነቅንቁት፤ ባዶውን ከተወዛወዘ 20 ሊትር የፈላ ወጥ አይሸከምም።

ከዚያ ሬጉላተሩ አለ። አንዳንዱ ምድጃ ኃይለኛ ግፊት የሚፈልግ ስለሆነ የቤት ምድጃ ሬጉላተር አይስማማውም። ስለዚህ ሻጩን ከነሬጉላተሩ ጠይቁት። ጎማው ለጋዝ ተብሎ የተሠራ፣ ቀን የታተመበት፣ ሁለቱ ጫፍ በብረት ቀለበት የሚጠብቅ ይሁን። የውኃ ጎማ አይሆንም። ቦንቦላው በተቀየረ ቁጥር መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ካበጠ ጋዝ እየወጣ ነው። በክብሪት መፈተሽ የሚባል ነገር የለም። ጋዝ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ መሬት ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ቦንቦላ ምድር ቤት፣ ደረጃ ሥር ወይም ፍሳሽ ቀዳዳ አጠገብ የማይቀመጠው። ምንጊዜም ቀጥ ብሎ ይቁም።

ሻጩ የማያስበው፣ እኛ ግን ልናስበው የሚገባ አንድ ነገር ቀረ። ከመካከላችን ኦርቶዶክስ አለች፣ ሙስሊም አለች፣ ፕሮቴስታንት አለች። ጾም ሲገባ ቅቤና ሥጋ የነካው ዕቃ ለጾመኛዋ አይሆንም። የሥጋውንም ነገር ታውቁታላችሁ፤ ክርስቲያኗ የምትበላውን ሙስሊሟ አትበላም፣ የሙስሊሟንም ክርስቲያኗ አትነካም። ግሪሉን ያልመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው፤ ፍርግርጉ አንድ ስለሆነ ሁላችንን አያገለግልም። ምድጃ ላይ ግን እሳቱ የጋራ ሆኖ ዕቃው ይለያል። ስለዚህ ገንዘቡን በሙሉ ምድጃው ላይ አናጥፋው። የጾም ድስትና ምጣድ፣ የክርስቲያን ሥጋ ድስት፣ የሙስሊም ሥጋ ድስት ይገዛበት፤ እጀታቸው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ። ማንም እህት ማዕድ ላይ ቀርባ "እኔ ይቅርብኝ" ማለት የለባትም።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ምድጃው ከበሩ ርቆ በረንዳው ጫፍ ላይ ይሁን። የዚህ ቤት መውጫ አንድ ስለሆነ እሳት በሩ ላይ ከተነሳ ውስጥ ያለነው መውጫ የለንም። ከልብስ ማስጫው ገመድና ከፕላስቲክ ዳሱም ይራቅ። ነጠላና ሻርፕ ይውለቅ ወይም ይታሰር። ዘይት ከተቀጣጠለ ውኃ አይደፋበትም፤ ጋዙ ይዘጋል፣ ድስቱ ይከደናል። እሳቱ ከአቅማችን በላይ ከሆነ ሁላችንም እንወጣለን፣ 125 ሲቪል ዲፌንስ ይደወላል። የተቃጠለች እህት ካለች ቁስሉ 20 ደቂቃ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ሥር ይያዝ፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ዱቄት አይቀባም።

"የማዳም ቤቱስ?" ትሉኛላችሁ። እዚያ ዕቃውን የምትመርጠው እሷ ናት፤ እሳቱ ጋ የምትቆሙት እናንተ። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። በ2011 የወጣው ዓለም አቀፉ የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ በ13ኛው አንቀጽ ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ የመሥራት መብት አለሽ ይላል፤ ሊባኖስ ግን አላጸደቀችውም። ስለዚህ አፋችንን ማሠልጠን አለብን። መንቀሉን ወደ ሳሎን አስገቢ ስትባሉ "ማዳም፣ ፈሕም ጁዋ ኸጠር" በሉ፤ ከሰል ውስጥ አደጋ ነው ማለት ነው። ጋዝ ከሸተታችሁ "ፊ ሪሐት ጋዝ" በሉ፤ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፣ መስኮት ክፈቱ። ስለ ራሳችሁ ብትናገሩ ላትሰማችሁ ትችላለች። ስለ ልጆቿ ስትናገሩ ግን ትሰማለች፤ እናንተም እዚያው ቤት ውስጥ ስለሆናችሁ አብራችሁ ትድናላችሁ።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ባለ ሦስት ቀለበት የጋዝ ምድጃ ከነሬጉላተሩና ከነጎማው፣ አንድ 10 ኪሎ ቦንቦላ፣ የተለያዩ ድስቶችና ምጣዶች ይገዙ። አሮጌው መንቀል ለበዓል ጥብስ እንኳ አይቆይ፤ ይጣል። ተራ ይውጣ፤ አንዲት እህት ሁለት እሁድ በተከታታይ እሳት ጋ አትቁም። ተራዋ የደረሰም ከሰባት ሰዓት በኋላ ምድጃውን ዘግታ ከእኛ ጋር ትቀመጥ።

የምትቃወሙ አሁን ተናገሩ፤ ከገበያ የተሻለ ያየችም ትንገረን። ከዚያ እጅ እናወጣለን።