ሕገ መንግሥቱ ሲታወጅ ምን ተብሎ ተሰማ?
(ካፋ ውስጥ፣ ሺሺንዳ ላይ የቀረበ ዲስኩር)

የተሰጠኝ ርእስ «ሕገ መንግሥት እንዴት ይተረጎም?» የሚል ነው። ሦስት ነገር አነሣለሁ፤ ዘዴውን፣ ተቋማቱንና ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልላችን ያለውን ፋይዳ።

ዘዴውን በተመለከተ፣ አንዱ ወገን የአርቃቂውን ሐሳብ ይፈልጋል። ሌላው፣ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በነበሩት በአንቶኒን ስካሊያ ስም የሚታወቀው፣ «ሰነዱ ሲወጣ አስተዋይ አንባቢ እንዴት ተረዳው?» ይላል። እኔ ለዚህኛው አደላለሁ፤ የሚያስገድደን የታወጀው ነውና።

ግን «አንባቢው» ማን ነበር? ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲፈረም አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ለመኳንንቱ የማብራሪያ ዲስኩር አሰምተዋል። ሰነዱ 55 አንቀጾች ነበሩት፤ አብነቱ የጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ብዙዎቻችን ስንተነትነው ወደ ጃፓን እንሮጣለን። እኔ ግን ማብራሪያውን ወደሰሙት መኳንንት ማየት እመርጣለሁ፤ ሰነዱን የተቀበሉት በዚያ ማብራሪያ በኩል ነው። ታዲያ የካፋ ገበሬ በዚያ አዳራሽ አልነበረም። የ1923ቱ «ሕዝብ» ይህን ያህል ጠባብ ነበር።

በ1986 ነገሩ ተለወጠ። የአሁኑ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ወደ ቀበሌ ወርዶ ሰው ተወያየበት፤ የሕገ መንግሥት ጉባኤውም ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. አጸደቀው። አንድ አባት ስለዚያ ውይይት ስጠይቃቸው (ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉልኝ) እኔ ስለ አንቀጽ 39 ስጎተጉታቸው እሳቸው ስለ መሬት መለሱልኝ። «እናንተ ስለ መገንጠል ትጠይቃላችሁ፤ እኛ የጠየቅነው ማሳችን ይሸጥ እንደሆነ ነው» አሉኝ። ምሁሩ 39 ላይ ሲከራከር ቀበሌው ያነበበው አንቀጽ 40ን ነበር ማለት ነው። በእርግጥ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚነገር ትዝታ ማስረጃ አይሆንም፤ የዚያኑ ጊዜ ቃለ ጉባኤ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ሄዷል፤ የቀረውን ላሳጥር። ተቋማቱ፦ የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 83 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያጣራል። በ2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም አጣሪው ባለሙያዎችን በይፋ ሰምቶ፣ ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ወሰነ። የተመራጮች የአምስት ዓመት የሥራ ዘመን ሲያልቅ ምርጫ ማካሄድ ካልተቻለ ምን ይሁን የሚለውን የሕገ መንግሥቱ ጽሑፍ አልመለሰውም። እንዲህ ያለ ዝምታ ሲያጋጥም የእኔም ዘዴ አቅሙ ውስን ነው።

ስለ ክልላችን፦ አንቀጽ 47 ብሔሮች የየራሳቸውን ክልል ማቋቋም እንደሚችሉ ይደነግጋል። እኛ ግን አምስት ዞንና አንድ ልዩ ወረዳ ሆነን አንድ ክልል ለማቋቋም መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በጋራ ድምፅ ሰጠን። ይህ ከጽሑፉ መውጣት ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። ያው አንቀጽ ከዘጠኙ ክልሎች ሰባተኛ አድርጎ የዘረዘረው የደቡብን የጋራ ክልል ነው፤ በ1987 የነበረ አንባቢ ብዙ ሕዝቦች የሚጋሩት ክልል እንግዳ አይሆንበትም ነበር።

አንድ ልመና አለኝ። በ1986 ቀበሌ ላይ ጸሐፊ የነበራችሁ፣ የዚያ ውይይት ቃለ ጉባኤ ዛሬም ቤታችሁ ካለ፣ አይጥ ሳይበላው ለቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡት።