ትርፉ ትራፊ ሳይሆን

በዴንቨርና በአውሮራ ቅዳሜ ጠዋት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእንቅልፋችሁም ከትርፍ ሰዓት ሥራችሁም ቀንሳችሁ፣ የሱቆችን ትርፍ ምግብ በብስክሌት ለማድረስ ወደተዘጋጀው የበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ትርፍና ትራፊ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ጆሯችን ላይ ግን ለየቅል ናቸው። ትርፍን ነጋዴው ይመኘዋል፣ ትራፊን ለእንግዳ የሚያቀርብ የለም። ሱፐርማርኬት ማታ ከመደርደሪያ የሚያወርደው ሙዝ ቆዳው ጠቆር ጠቆር ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም። ከአሥራ ሁለት እንቁላል አንዱ ስለተሰነጠቀ ካርቶኑ እንዳለ ከሽያጭ ይወጣል፣ አሥራ አንዱ ደህና ነው። በዚያች ሰዓት ይህ ሁሉ ትርፍ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ጓዳ ከከረመ ግን ትራፊ፣ ቀጥሎም ቆሻሻ ይሆናል። በመካከል የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። እናቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ የሰነበተውን እንጀራ ወይ ፍርፍር ያደርጉታል፣ ወይ ፀሐይ ላይ አስጥተው ድርቆሽ ያወጡታል። ሰላጣና እንጆሪ ግን ድርቆሽ አይሆኑም፤ ያላቸው መዳኛ ቶሎ መድረስ ነው። እንግዲህ የበጎ ፈቃደኛው ሥራ ከሰዓት ጋር መሻማት ከሆነ፣ ለዚህ ሽሚያ ብስክሌት ከትልቅ የጭነት መኪና ብዙ ጊዜ ይሻላል ብዬ እከራከራለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በየቤታችን ነው፤ የሱቆችና የሱፐርማርኬቶች ድርሻ 12 በመቶ ብቻ ነው። «ታዲያ ትልቁን ትታችሁ ትንሹን ለምን ትሯሯጣላችሁ?» የሚል ሰው ቢነሣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ፣ የቤቱ ብክነት በሚሊዮን ጓዳ ተበትኖ፣ ከፊሉም ከሳህን ላይ የተራገፈ በመሆኑ ማንም ሄዶ ሊሰበስበው አለመቻሉ ነው። የሱቁ 131 ሚሊዮን ቶን ግን በካርቶን ተለይቶ፣ አብዛኛው ገና ሳይነካ፣ በታወቀ በርና በታወቀ ሰዓት ይገኛል። ቤታችንን ማስተካከል ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የሱቁ ግን ደርሶ የሚያነሣው ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።

የሚያነሣው ማን ነው? ትልልቆቹ የምግብ ባንኮች በፓሌትና በፎርክሊፍት ይሠራሉ፤ ለሦስት ካርቶን ሰላጣና ለአንድ ከረጢት ዳቦ መኪና ቢልኩ የነዳጁና የሾፌሩ ወጪ ከምግቡ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የአንድ ሱቅ የዕለት ትርፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። በዚሁ በኮሎራዶ፣ በቦልደር ከተማ በ2011 የተመሠረተው ቦልደር ፉድ ሬስኪው የገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፤ በጎ ፈቃደኞቹ አብዛኛውን ምግብ የሚያደርሱት ከብስክሌት ኋላ በሚታሰር ተጎታች ነው። አንድ ሙሉ የሙዝ ካርቶን ወደ 18 ኪሎ ይመዝናል፤ ጠንካራ ተጎታች አምስት ያህሉን ይችላል። ድንቹ ከታች፣ ቅጠላ ቅጠሉ ከላይ ሆኖ በላስቲክ ገመድ ከተጠፈረ፣ የአንድ ሱቅ የዕለት ትርፍ አንድ ዙር ይበቃዋል። ለእኔ ከጭስ አለመኖር ይበልጥ የሚመዝነው ሌላ ጥቅም ነው፦ ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ያላወጣውን፣ መኪና ያልገዛውን፣ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላውን ሰው ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት ያሻግራል።

«ቦልደር ሌላ፣ አውሮራ ሌላ» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ቦልደር ትንሽ ከተማ ናት፣ የብስክሌት መንገድም ተሠርቶላታል፤ እዚህ ግን ስድስት ረድፍ መኪና የሚምዘገዘግበት ጎዳና አለ፣ በጥርና በየካቲት ደግሞ በረዶው። ስለዚህ ሰፊውን ጎዳና ካላቋረጡ የማይደረስበትን ቦታ፣ ወይም መንገዱ በረዶ የጋገረበትን ቀን ለመኪና እንተወው። ብስክሌት ሃይማኖት አይደለም። ሱቁና ተቀባዩ በውስጥ ለውስጥ መንገድ በሚገናኙበት ሰፈር ግን ማቆሚያ ሳይፈልግ በር ድረስ ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የክብር ጉዳይ ነው፦ «ሀብታም ያልፈለገውን ለድሃ ማጉረስ አይደለም ወይ?» ከሰንበቴና ከዝክር ባህል የመጣ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ለነዳያን የሚቀርበው ታስቦበት የተዘጋጀ ነው እንጂ የተረፈ አይደለም። እኔ ግን ክብሩ ያለው ምግቡ ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ ተቀባዩ የመምረጥ መብት አለው ወይ በሚለው ላይ ነው እላለሁ። ቦልደር ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በሚኖሩባቸው ሕንፃዎች የሚደርሰውን ምግብ የሚያከፋፍሉት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ምን እንደሚያስፈልግ፣ ማን መውጣት እንደማይችልና በሩ ድረስ ሊወሰድለት እንደሚገባ እነሱ ያውቃሉ። እኛም ዘንድ ይህ ዕውቀት ወሳኝ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን እርጎና አይብ ለጿሚ እናት ይዞ መሄድ ድካም ነው፤ ሥጋ ሲሆን ደግሞ የማን እርድ እንደሆነ ሳይጠይቁ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ማደል ቸርነት ሳይሆን ንቀት ነው። አስቀድሞ የተጠየቀና የመረጠ ሰው ትርፍ ይቀበላል፤ ያልተጠየቀ ሰው ላይ ግን ትኩሱም ምግብ ትራፊ ሆኖ ይወድቃል።

ይህ ሥራ ድህነትን ያጠፋል የሚል ካለ አልስማማም። የቤት ኪራይና የደሞዝ ጥያቄ በተጎታች አይፈታም፤ እሱ በሌላ መድረክ ልንታገልለት የሚገባ ነው፣ የዛሬ ማታው ሰላጣ ግን ያን አይጠብቅም። ሱቆች «ቢታመምብን እንከሰሳለን» ቢሏችሁ፣ ከ1996 ጀምሮ በቅን ልቦና ምግብ የሚለግስን ሰው ከተጠያቂነት የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ እንዳለ ንገሯቸው። ከባድ ቸልተኝነትን ግን ሕጉ አይሸፍንም፤ ለዚህ ነው ቴርሞሜትር የምናድላችሁ። ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ።

ሦስት ተጎታቾች ግቢው ውስጥ ቆመዋል፣ ካርቶኖቹም ተደርድረዋል። መጀመሪያ አጫጫን እንማራለን፤ ከዚያ እያንዳንዳችሁ ጭነቱን ይዛችሁ ቁልቁለቷ ላይ ፍሬን ትሞክራላችሁ። ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል፤ ሄልሜታችሁን አትርሱ።