ስለ ኤች አይ ቪ፤ ስደተኛውና አገሬው ሊያውቁት የሚገባ



በበዓል ቀን ስለ በሽታ መናገር ደስ አያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና፥ ጥቂት ብናገር እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

በታኅሣሥ 2006 ዓ. ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እጅግ ብዙ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ መጣ፤ በኩሌ፥ በቴርኪዲና በሌሎችም ጣቢያዎች ሰፈረ። በገበያም በውሃ መቅጃም እንገናኛለን። ይሁን እንጂ የኤች አይ ቪ ነገር በተነሣ ጊዜ አገሬው «ስደተኛው ይዞት መጣ» ይላል፤ ስደተኛውም «እዚህ ያገኘን ነው» ይላል።

እስቲ ቁጥሩን እንመልከት። ከዚህ ታላቅ ስደት በፊት፥ በ2003 ዓ. ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ በክልላችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 6.5 ከመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ ነበረባቸው። በ2008 ዓ. ም. 4.8 ከመቶ ሆነ፤ የመላው አገር ግን 0.9 ከመቶ ነበር። እንግዲህ በሽታው ከእነዚህ እንግዶች ጋር የገባ አይደለም፤ ቀድሞም በቤታችን ነበረ።

ይልቅስ የሚጎዳን ግማሽ ዕውቀት ነው። እኔ ራሴ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ እንደ ወባ በትንኝ የሚተላለፍ ይመስለኝ ነበር፤ መጠየቅም አፍር ነበር። በትንኝም፥ በመጨባበጥም፥ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። የሚተላለፈው ያለ ኮንዶም በሚደረግ ግንኙነት፥ በደምና ደም በነካው ስለት፥ እንዲሁም በእርግዝና፥ በወሊድና በጡት ከእናት ወደ ልጅ ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ ሰው፥ ቫይረሱ በደም ምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከቀነሰለት፥ በግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። እናትም መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ብትወስድ ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅ ለመውለድ ትችላለች። እንጨት ለመልቀም ወጥታ የተደፈረች ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ብትደርስ መከላከያ መድኃኒት ይሰጣታል። ባለማወቅ ወይም በማፈር ቤት የተቀመጠች እንደ ሆነ ግን ሰዓቱ ያልፍባታል። ጥፋቱ የእርስዋ አይደለም፤ ያልነገርናት የእኛ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ በአማርኛ ብቻ ቢነገር አማርኛ ለማታውቅ እናት ምን ይጠቅማታል? ጓደኞቼ ሆይ፥ ኑዌርኛ የምትችሉ በኑዌርኛ፥ አኙዋክኛ የምትችሉ በአኙዋክኛ፥ ለእኅቶቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩ። መምህራን ሆይ፥ ወንዶቹና ሴቶቹ ለየብቻ የሚጠይቁበት ሰዓት ስጡን። ወላጆቻችን ሆይ፥ ስንጠይቃችሁ አትቆጡን፤ ከእናንተ ያልሰማነውን ከመንገድ እንሰማዋለንና።